ለሳጅኗ ክንድ የፈሰሰው ውሃ

ሊይዙኝ የመጡ ቀን ጠረጴዛዬ ላይ የውሻ ጭንቅላት ነበር። ሦስት ሆነው ገቡ፤ ሁለቱ ሽታው ሲመታቸው ወዲያው ተመልሰው ወጡ። ሦስተኛው አፍንጫውን በክርኑ ሸፍኖ ስሜን ከነአባቴ ጠራና «ትፈለጊያለሽ» አለኝ።

«ጓንቴን ላውልቅ» አልኩት።

«ቶሎ በይ።»

ቶሎ አላልኩም። እንዲህ ያለ ሥራ ላይ ጓንት በጥድፊያ አይወለቅም። ውስጡ ወደ ውጭ እየተገለበጠ፣ ቀስ ተብሎ ነው። ከዚያ እጅ ይታጠባል፤ ከዚያ ጭንቅላቱ ተመልሶ ፍሪጅ ይገባል፤ ከዚያ ጠረጴዛው በበረኪና ይጸዳል። ሁሉንም አደረግሁ። ሰውየው በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ሳምንታት እነሱ እኔን ብዙ አስጠብቀውኛል፤ በመጀመሪያው ቀን ግን ያስጠበቅኋቸው እኔ ነኝ።

ሥራዬ ይህ ነው፤ ከጀመርኩት ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ሰው የነከሰ ውሻ ሲሞት ጭንቅላቱ በፌስታል ተደርጎ ወደ ላቦራቶሪያችን ይመጣል። ከአንጎሉ ቆንጥሬ፣ ቀለም አድርጌበት፣ በማይክሮስኮፕ አየዋለሁ። አረንጓዴ ካበራ የእብድ ውሻ በሽታ አለበት፤ ካላበራ የለበትም። መልሴ ከሁለት አንዱ ነው። ጎረቤቶቼ ሥራዬን ካወቁ ወዲህ እጄን ለመጨበጥ ያመነታሉ። ልጄ ራሷ ተማሪ ቤት ስትጠየቅ «እናቴ ነርስ ናት» ትል ነበር።

ጥፋቴ ደግሞ ይህ ነው። ከእንጦጦ ግርጌ ካለ አንድ ሰፈር በአንድ ሳምንት ውስጥ ሦስት ጭንቅላት መጣልኝ። ሦስቱም አበሩ። ሪፖርት ጽፌ ለአለቆቼ ሰጠሁ፤ «ትንሽ ጠብቂ» ተባልኩ። እዚያው ሰፈር አዲስ የእግር መንገድ ተሠርቶ ሊመረቅ ነበርና ትልልቅ ሰዎች ይመጣሉ ተብሎ ቀን ተቆርጧል። የእብድ ውሻ ወሬ ለምረቃ አይመችም። ሁለት ቀን ጠበቅሁ። በሦስተኛው ቀን አንዲት እንጨት ተሸካሚ እግሯን ተነክሳ፣ የሚነግራት ሰው ጠፍቶ፣ ቤቷ እንደተቀመጠች ሰማሁ። ያን ዕለት በሰፈሩ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ «ሦስት ውሾች መርምሬ ሦስቱም ታመው አግኝቻለሁ፤ የተነከሰ ሰው ዛሬውኑ ይከተብ» ብዬ ጻፍኩ። ከሥር ስሜን ከነአባቴ አደረግሁ። በማግስቱ መጡ።

ክሱ «ሐሰተኛ ወሬ በመንዛት ሕዝብን ማሸበር» የሚል ነበር። ማሸበር የሚለውን ችዬው ነበር። ያንገበገበኝ ሐሰተኛ የሚለው ነው።

የወሰዱኝ ከቀጨኔ ሽቅብ ወደሚገኝ አንድ ግቢ ነው። እስር ቤት ብሎ የሠራው ሰው የለም፤ ድሮ የእህል መጋዘን ነበር። በግድግዳው ስንጥቅ ውስጥ የጤፍ ብናኝ አሁንም አለ፤ ጣቴን ሰድጄ አውጥቼ አይቼዋለሁ። መስኮቱ ከራሳችን በላይ ነው። ከግቢው አጥር ኋላ እንጨት ተሸካሚዎች ስለሚያልፉ ጠዋት ጠዋት የባሕር ዛፍ ቅጠል መሬት ሲጠርግ ይሰማል። ሰዓት ስለሌለን ሲነጋ የምናውቀው በእሱ ነበር።

ክፍሉ ውስጥ ከእኔ ጋር ዘጠኝ ሴቶች ሆንን። ከሁሉም የሁለቱን ነገር ልንገራችሁ። አንዷን ሁላችንም እማማ እንላቸዋለን፤ የቀጨኔ ሸክላ ሠሪ ናቸው። የሚፈለገው ልጃቸው ነው፤ እሱ ሲጠፋ እሳቸውን ወሰዱ። «እኔ ማስያዣ ነኝ» ይሉ ነበር ሲጠየቁ። ሁለተኛዋ አዲሱ ገበያ ጨርቅ የምትሸጥ ባለሱቅ ናት፤ ሙስሊም ናት፤ አፏ እንደ መቀሷ ነው። የታሰረችው ሱቋ ውስጥ ሁለት ደንበኞች ስለ መንግሥት ሲከራከሩ ዝም ብለሽ ጨርቅ ለካሽ ተብላ ነው። «ምን ላድርግ? ሜትሩን ጥዬ ላገላግል?» ትላለች።

ውሃ የሚሰጠን በቀን አንድ ቢጫ ጀሪካን ነው። ለዘጠኝ ሰው። ቧንቧው ከደረቀ ሰንብቷል፤ ውሃ በቦቴ ነው የሚመጣው። ጀሪካኑን የሚጠብቁት እማማ ናቸው። መለኪያው ባዶ የድልህ ጣሳ ነው፤ የማንም ድርሻ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ አይነካም። ይህን ሕግ ያወጣው ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ስገባ ነበር፤ ስወጣም ነበር።

ሌላም ልማድ ነበረ። ከሰዓት በኋላ፣ ሙቀቱ ቆርቆሮውን ሲያንኳኳው፣ አንዷ ተነስታ ሙያዋን ታስተምራለች። የሙያ ሰዓት ነው የምንለው። ባለሱቋ ጨርቅ በጣት አሽቶ ንጹሕ ጥጥ መሆኑን መለየት አስተማረችን። እማማ እሳት ላይ የሚፈነዳ ሸክላ አስቀድሞ በምን እንደሚታወቅ ነገሩን። በሦስተኛው ቀን ተራው የኔ ሆነ።

«እኔ የማውቀው የውሻ አንጎል ነው» ስላቸው ሳቁብኝ። «እሱኑ ንገሪን» አሉ እማማ።

ነገርኳቸው። ቫይረስ እግር የለው፣ ክንፍ የለው፤ በራሱ የትም አይደርስም። በውሻው ምራቅ ቁስል ውስጥ ይወድቃል። ቅርጹ እንደ ጥይት ነው፤ ላዩ ቅባት ነው፤ ቅባቱ ላይ እሾህ የመሰሉ ፕሮቲኖች ተተክለዋል። ይህን ሳወራ የእማማ እጅ ሥራ ሊፈታ አልቻለም። የዳቦ ልብ በምራቃቸው አርሰው ማድቦልቦል ጀመሩ። ጥይት ስል ጥይት አደረጉት፤ እሾህ ስል ከመጥረጊያው ስንጥር እየቆረጡ ዙሪያውን ሰኩበት።

«እሾሁ የሚፈልገው አንድ ነገር ነው» አልኳቸው። «ነርቭ ላይ ያለ መያዣ። መያዣውን ነርቭ ያበጀው ለራሱ ሥራ ነው፤ ከጡንቻ ጋር ይነጋገርበታል። እሾሁ ግን እሱ ላይ ልክክ ይላል። ከዚያ በር መስበር አያስፈልገውም። ህዋሱ የራሱ እንግዳ መስሎት ጎትቶ ያስገባዋል። ውስጥ ከገባ በኋላ እሾሁ ቅርጹን ይለውጥና የያዘውን ይዘረግፋል። ከዚያ ወዲያ ሽቅብ ወደ አንጎል ነው፤ የሚመልሰው የለም።»

«መያዣ ካጣስ?» አለች ባለሱቋ።

«ምንም አይደለም። ጠብታ የማያህል ቅባት ነው።»

«ክትባቱስ ምን ያደርጋል?» አሉ እማማ።

«ክትባት ሰውነታችንን ከእሾሁ ጋር አስቀድሞ ያስተዋውቀዋል። ሰውነታችን እሾሁ ላይ የሚለጠፍ ነገር ይሠራል። የተለጠፈበት እሾህ መያዣው ላይ አይገጥምም።»

እማማ ትንሽ አሰቡና በቀረው ዳቦ የስንጥሮቹን ጫፍ አንድ በአንድ ደፈኗቸው። መዳፋቸው ላይ አሳረፉት። «እንግዲህ አሁን የትም አይገባም» አሉ። ከዚያ በኋላ ተንጠራርተው መስኮቱ ደፍ ላይ አስቀመጡት፤ እዚያው ደረቀ።

መርማሪው ዘንድ የምወሰደው በየቀኑ ነበር። ከኔ በአሥር ዓመት ያንሳል። በመጀመሪያው ቀን «አንቺ» ብሎ ሲጀምር «አንተ» ብዬ መለስኩለት። በጥፊ ይመታኛል ብዬ ነበር፤ አልመታኝም፤ ዝም ብሎ ጻፈው። በየቀኑ አንድ ነገር ይሞክር ነበር። ሥራሽን ታጫለሽ አለኝ፤ ውሰደው አልኩ። ጡረታሽ ይቀራል አለኝ፤ ይቅር አልኩ። ወንድምሽ የመንግሥት ሠራተኛ ነው አይደል አለኝ፤ ወንድሜ ከኔ ጋር ከተነጋገረ አራት ዓመቱ ነው፤ ሂድና አስታርቀን አልኩት። ወደ ክፍሌ ስመለስ መስኮቱ ላይ ያለውን ዳቦ አየዋለሁ። ሰውየው የሚያደርገውን አውቀዋለሁ፤ መያዣ እየፈለገ ነው፤ ለሃያ ዓመት ስመረምረው የኖርኩት ነገር ነው።

ግቢው ውስጥ ውሻ ነበረ። አይተነው አናውቅም፤ ድምፁን ግን እናውቃለን። ጠባቂዎቹ ትራፊ ይሰጡታል። በአራተኛው ቀን ድምፁ ተለወጠ። ጎረነነ፤ መጮህ ይጀምርና መሃል ላይ ተሰብሮ ማላዘን ይሆናል። ሌላው ሰው ብርድ መትቶት ነው ይል ይሆናል። እኔ ግን የታመመ ውሻ ድምፅ እንዲህ እንደሚሰበር አውቃለሁ። በሩን የምትከፍትልን ሳጅን ስትመጣ ነገርኳት።

«ሳጅን፣ ውሻው ይታሰር። ማንም እንዳይጠጋው።»

ዞር ብላ ለጓደኞቿ «ሰማችሁ? ውሻውም ይታሰር እያለች ነው!» አለችና ግቢው በሙሉ ሳቀ። ከዚያ ወደኔ መለስ ብላ «እዚህም ጀመርሽ?» አለችኝ።

ይህች ሳጅን ወደ ሠላሳ ዓመት ግድም ትሆናለች። ክፉ ናት ብዬ ልጽፍ ፈልጌ ነበር፤ ክፉ አልነበረችም፤ ግን ሥራዋን ትወደው ነበር። በገባሁ ቀን ነጠላዬን ቀምታኛለች። ባለሱቋ ለሶላት ስትታጠብ ወለሉን አረጠብሽ ብላ ውሃዋን በእግሯ ደፍታባታለች። ባለሱቋ ያን ቀን ድርሻዋን ስላጣች ሌላ ውሃ ሳትጠጣ ዋለች፤ የእኛንም አልቀበልም አለች።

በስድስተኛው ቀን ጠዋት ሳጅኗ በሩን በግራ እጇ ከፈተች። ቀኝ ክንዷ በመሐረብ ታስሯል። ከመሐረቡ ሥር ቡና የመሰለ ነገር ይረግፋል።

«ክንድሽን ምን ሆነሽ ነው?» አልኳት።

«ምን አገባሽ? ውጪ፣ መጸዳጃ ተራሽ ነው።»

«ውሻው ነው?»

መሐረቡን ጠበቅ አደረገችው። ከዚያ «ትራፊ ልሰጠው ስል ጫር አደረገኝ» አለች። «ቡና አድርጌበታለሁ።»

ደም ላይ የተፈጨ ቡና መነስነስ እኛ ሰፈር የማያውቅ የለም። እናቴም ታደርገው ነበር፤ ደም ያቆማል። ለዚህ ግን ሌባውን ከውስጥ አድርጎ በሩን እንደመዝጋት ነው።

«ፍቺውና አሳዪኝ።»

«አንቺ ደግሞ አበዛሽው።»

«ፍቺው። ከዚያ የፈለግሽውን አድርጊኝ።»

ለምን እንደፈታችው አላውቅም። ምናልባት ድምፄ ነው፤ ምናልባት እሷም ውሻውን ሁለት ቀን ስትሰማው ቆይታ ነው። አራት የጥርስ ቀዳዳ ነበር። ሁለቱ ጥልቅ ናቸው። በቡናው ተደፍነዋል።

«ይህ ታጥቦ መውጣት አለበት» አልኩ። «በሳሙና፣ በሚፈስ ውሃ፣ አስራ አምስት ደቂቃ ሙሉ። ከዚያ ዛሬውኑ ክትባት።»

«የምን ውሃ? የእኛም በርሜል ባዶ ነው። ቦቴው ከሰዓት ነው የሚመጣው።»

ዞሬ ጀሪካኑን አየሁት። ገና አሁን መግባቱ ነው፤ አልተነካም። ሁሉም ያየሁትን አዩ። ዛሬ እንኳ ሳስበው ከምርመራው ሁሉ ይልቅ የከበደኝ ያን ቃል ከአፌ ማውጣት ነው። ሰባት ሳምንት፣ አምስት ሳምንት የታሰሩ ሴቶች ናቸው፤ ቀኑ ሙሉ ገና ከፊታቸው ነው፤ እኔ የስድስት ቀን እንግዳ ነኝ።

«ጀሪካኑ ያስፈልጋል» አልኩ።

«ለእሷ?» አለች ባለሱቋ። «ወላሂ ጠብታ አልሰጥም! የኔን ውሃ በጫማዋ ደፍታ? ሂጂና እሷው የደፋችውን ከወለሉ ላይ ልቀሚላት።»

ሳጅኗ በሩ ላይ ቆማለች። መሄድም መቆጣትም አቅቷታል። እማማ ከተቀመጡበት ሆነው «ልጄ» አሉኝ፣ «ይኼ በመስኮት ያለው ነው?»

«እሱ ነው እማማ።»

«ይገድላል?»

«ከጀመረ የሚያድን መድኃኒት የለም። ሳይጀምር ግን ይቆማል።»

«እንግዲያ ምን ታወራላችሁ?» አሉና የጀሪካኑን ክዳን ፈቱ። ጣሳውን ሞልተው ለእኔ ሰጡኝ። «ይኼ የኔ ነው። ይፍሰስ። እንጦጦ ጠበልም ትሂድ።»

«ጠበሉ ከመርፌው በኋላ ይሁን እማማ።»

«እሺ፣ ከመርፌው በኋላ።»

ከዚያ ክፍሉን በየተራ ጠየቁ። «አንቺስ?» ሲሉ፣ «ይፍሰስ» ትላለች። «አንቺስ?» «ይፍሰስ።» ሰባት ሴቶች አንድ በአንድ ተጠየቁ። አንዷ ስታለቅስ ነበር፣ ግን ይፍሰስ አለች። ባለሱቋ ጋ ሲደርሱ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ትንሽ ቆይታ ከፍራሿ ሥር ያልተቆረጠ ሙሉ የልብስ ሳሙና አውጥታ ወደኔ ወረወረችው። እኛ ሳሙናችንን በክር እየቆረጥን በቁራጭ ነበር የምንጠቀመው፤ እሷ ሙሉ እንዳላት ማናችንም አናውቅም ነበር።

«ውሃዬን አልሰጥም» አለች። «ደቂቃውን ግን እቆጥራለሁ። እናንተ መቁጠር አትችሉም።»

ጀመርን። እማማ እያፈሰሱ፣ እኔ እያሸሁ፣ ባለሱቋ እስከ ስልሳ እየቆጠረች፣ ለየደቂቃው አንድ የጣቷን አንጓ ትይዛለች። ቡናው ጥቁር ሆኖ ወጣ። ከዚያ ደም ወጣ። ሳጅኗ ጥርሷን ነከሰች።

«ሳሙና ደግሞ ምን ያደርጋል?» አለችኝ በመሃል። የፈራ ሰው ድምፅ ነበር።

መስኮቱን በአገጬ አሳየኋት። «ያ ዳቦ ይታይሻል? እሾሁ የተተከለው ቅባት ላይ ነው። ሳሙና የድስት ቅባት ላይ የሚያደርገውን ታውቂያለሽ። ቅባቱ ሲቀልጥ እሾሁ የሚቆምበት የለውም።»

«ያመለጠውስ?»

«ያመለጠውን ክትባቱ ያገኘዋል። ነርቭ ላይ ሳይደርስ ከቀደምነው ነው። ስለዚህ ዛሬ።»

«ሆዴ ላይ ነው የሚወጉኝ? በየቀኑ?»

«እሱ ድሮ ነው። አሁን ክንድ ላይ ነው፤ ጥቂት ቀን ብቻ።»

ይህን ስላት ትከሻዋ ወረደ። ለካ የፈራችው ሞቱን ሳይሆን መርፌውን ነበር። ሰው እንዲህ ነው።

በአስራ ሦስተኛው ደቂቃ እማማ ጀሪካኑን አዘነበሉና ቆሙ። «የቀረው የባለሱቋ ድርሻ ነው» አሉ። አላፈሰሱም። ውሃ የሚያንጠባጥበው ክንድ በመሃላችን ተዘርግቶ ቀረ። ባለሱቋ አስራ ሦስተኛውን አንጓ እንደያዘች ነው። ወደ ሳጅኗ አላየችም።

«ይፍሰስ» አለች። «ለእሷ ብዬ እንዳይመስላችሁ። ቆጠራዬን ሳልጨርስ ማቋረጥ ስለማልወድ ነው።»

ሳጅኗ አላመሰገነችም። በሩን ቆልፋ ሄደች። ወለሉ ረጥቦ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ተጠራሁ። የወሰደችኝ ራሷ ናት። መርማሪው ወረቀት አዘጋጅቶ ጠበቀኝ። ከሱ ወዲያ በተከፈተው መስኮት የግቢው መግቢያ ይሰማል፤ አንዲት ሴት ልጅ ከጠባቂ ጋር ትጨቃጨቃለች። «ምሳው ይፈተሻል እንጂ ለምን ይቆረሳል? ቁልቁል ልግለብጠው እንዴ?» ትላለች። ልጄ ናት። ድምፅዋን ከሰማሁ ስድስት ቀኔ ነው። ወደ መስኮቱ ራመድ አልኩ።

«ተቀመጪ» አለኝ መርማሪው። እንደሰማሁ አይቷል። «ሳጅን እዚህ ግቢ ውስጥ በእብድ ውሻ ተነከስኩ ብላ ሐኪም ቤት ልትሄድ ትፈልጋለች። ከሄደች ነገ ሰፈሩ በሙሉ ያወራል። ያንቺ ወሬ እውነት ነበር ይባላል።»

«እውነት ነው እኮ።»

ወረቀቱን ወደኔ አዞረው። በሰፈሩ የእብድ ውሻ በሽታ አለመኖሩን እያወቅሁ፣ ሕዝብን ለማደናገር ብዬ የጻፍኩት መሆኑን፣ መጸጸቴን ይላል። ከሥሩ መስመር አለ።

«ከፈረምሽ ዛሬ ከልጅሽ ጋር ወጥተሽ ምሳሽን ቤትሽ ትበያለሽ።» ከዚያ በኔ ትከሻ ላይ አሻግሮ በሩ ላይ የቆመችውን አያት። «አንቺም አትደንግጪ። የተነከሰ ሁሉ አያብድም።»

ይህ ደግሞ እውነት ነው። የተነከሰ ሁሉ አይታመምም። የከፋው እሱ ነው። ዞሬ ሳጅኗን አየኋት። እኔን ነው የምታየው። በሽታ የለም ብዬ ብፈርም ታምነኝ ነበር፤ ማመን ትፈልጋለች። ፈቃድ ከመለመን ትገላገላለች፤ ከመርፌም። ክንዷ ይድናል፤ ሥራዋን ትቀጥላለች፤ ከዚያ አንድ ቀን ውሃ ሊቀርብላት ሲል ጉሮሮዋ ይዘጋል። ያን ጊዜ ፊርማዬ እዚህ ፋይል ውስጥ ይኖራል።

ልጄ አሁንም ትጮሃለች። ፈራሁ ብዬ ልጻፈው፤ ፈርቼ ነበር። ልጄን ፈለግኋት፤ ቤቴን፣ አልጋዬን፣ አንድ ሙሉ ባልዲ ውሃ ፈለግሁ። ሰውየው በስድስት ቀን ውስጥ መያዣውን አግኝቶታል። ብዕሩን አነሳሁ። ሲተነፍስ ሰማሁት።

ወረቀቱን ገለበጥኩት። ጀርባው ባዶ ነበር።

«ስንት ዓመትሽ ነው?» አልኳት ሳጅኗን ቀና ሳልል።

«ሠላሳ አንድ» አለች። አፏ ቀደማት።

ላቦራቶሪ በየቀኑ እንደምጽፈው ጻፍኩ። ዕድሜ ሠላሳ አንድ። ሴት። ዛሬ ጠዋት በግቢ ውሻ ቀኝ ክንዷን ተነክሳለች። አራት የጥርስ ቀዳዳ፣ ሁለቱ ጥልቅ። የውሻው ድምፅ ከተለወጠ ሁለት ቀን ሆኖታል። ቁስሉ በሳሙና አስራ አምስት ደቂቃ ታጥቧል። ክትባቱ ዛሬውኑ ይጀመርላት። የውሻው ጭንቅላት ለምርመራ ይላክ። ስሜን ከነአባቴ ጻፍኩና ፈረምኩ። አሳምሬ ነው የፈረምኩት፤ እንዲያ ያማረ ፊርማ ከዚያ በኋላም አልወጣልኝም።

መርማሪው እጁን ዘረጋ። «ስጪኝ።»

ወረቀቱን በእሱ አቅጣጫ አልዘረጋሁትም። ወንበሬ ላይ እንዳለሁ እጄን ወደኋላ፣ ወደ በሩ አደረግሁት። ማንም ካልወሰደው ያው መልሶ የሱ ነው፤ ይቀደዳል። ለረጅም ጊዜ እጄ አየር ላይ ቆየ። ከዚያ ወረቀቱ ቀለለኝ።

ዞሬ ሳያት አራት ቦታ አጥፋ የደረት ኪሷ ውስጥ እየከተተችው ነበር። በታጠበው ክንዷ ሰላምታ ሰጠችው። «ጌታዬ፣ ሐኪም ቤት ደርሼ እመለሳለሁ» አለች።

«ሳጅን!»

ቡት ጫማዋ ኮሪደሩን ሲጨርስ ሰማነው። መርማሪው መሳቢያውን ሳበና «ሌላ ወረቀት የለንም መሰለሽ?» አለኝ።

«ሞልቷል» አልኩት። «ግን ሁሉም ጀርባ አለው።»

ያን ቀን ምሳዬ አልገባልኝም፤ ልጄ ተመለሰች። ቦቴው እንደ ተባለው ከሰዓት በኋላ ሳይሆን ሊመሽ ሲል መጣ። የዘጠኛችንም ከንፈር ተሰንጥቆ ነበር። የሙያ ሰዓቱ ግን አልቀረም፤ ባለሱቋ ተነስታ፣ ምላሷ ከላንቃዋ እየተጣበቀ፣ ሰው ሳይሸወድ ጨርቅ እንዴት እንደሚገዛ ሁለተኛውን ክፍል አስተማረች። ማንም ውሃውን አላነሳባትም፤ በእኔም ላይ አላነሱትም።

ከዚያ በኋላ አምስት ሳምንት ቆየሁ። አንድ ቀን ሂጂ ተባልኩ፤ ለምን እንደለቀቁኝ አልነገሩኝም። እማማ ዳቦውን ከመስኮት አውርደው ሰጡኝ። እሳቸው ከኔ በኋላ ሁለት ወር ቆይተው ወጡ፤ ልጃቸው እስካሁን የት እንዳለ አናውቅም። ዳቦው ላቦራቶሪ መደርደሪያዬ ላይ ነው። ነቀዝ ገብቶበት ልቡ ተበልቷል፤ ስንጥሮቹ ግን ከነመሸፈኛቸው አሉ። ሥራ ስመለስ መዝገቡን አገላብጬ ከዚያ ግቢ የተላከ ጭንቅላት አገኘሁ። ባልደረባዬ ነው የመረመረው። አለበት ይላል።

ባለፈው ሰሞን የናሙና መቀበያው መስኮት ላይ ተሰልፈው ከሚጠብቁት መሃል አንዲት ሴት አየሁ። ሲቪል ለብሳለች፤ በእጇ ፌስታል ይዛለች። ተራዋ እስኪደርስ እንደማንም ቆማ ጠበቀች። ፌስታሉን ስታቀብለኝ ቀኝ ክንዷ ላይ አራት ጠባሳ አየሁ።

«እትዬ፣ እንደምን ነዎት?» አለችኝ።

ስድስት ሳምንት ሙሉ አንቺ ስትለኝ የኖረች ናት። ፎርሙን ማገላበጥ ጀመርኩ። «ከየት ነው የመጣው?»

«ከግቢያችን። ሌላ ውሻ ነው። ጠዋት ድምፁን ስሰማ አወቅሁት። ማንም እንዳይጠጋው ብዬ ቆሜ ነው ያስገደልኩት።»

«የተነከሰ አለ?»

«የለም።»

ጻፍኩ። ከዚያ መጠየቅ የማልፈልገውን ጠየቅሁ። «ክፍሉ ውስጥ ዛሬም ሰው አለ?»

«አለ።»

«ውሃውስ?»

ወደ ኋላዋ አየች። የተሰለፉት አይሰሙም ነበር። «ሁለት ጀሪካን አድርጌዋለሁ» አለች ቀስ ብላ።

ይበቃል አላልኳትም። አይበቃምና። አንድ ጀሪካንም ሆነ ሁለት፣ እዚያ ክፍል ውስጥ መግባት የማይገባቸው ሴቶች አሉ፤ ቁልፉም በእሷ እጅ ነው። እሷም ይህን እንደማልላት ስታውቅ አንገቷን ደፍታ ሄደች። ግን ስትሄድ በልቤ ያንን ክንድ ተከትዬ ነበር፤ ዘጠኝ ሴቶች የቀናቸውን ውሃ ያፈሰሱበት ክንድ ነው።

ከሰዓት በኋላ ውጤቱ ወጣ። አረንጓዴ። ለአለቆቼ ላክሁ። «ትንሽ ጠብቂ» አሉኝ፤ አሁን ደግሞ እዚያ ሰፈር ሌላ ነገር ሊመረቅ ነው። ጓንቴን ቀስ ብዬ አወለቅሁ። እጄን ታጠብኩ። ጭንቅላቱን ፍሪጅ መለስኩ፤ ጠረጴዛውን በበረኪና አጸዳሁ። ከዚያ ስልኬን አውጥቼ የሰፈሩ ግሩፕ ላይ ያገኘሁትን ጻፍኩ፤ ከሥሩ ስሜን ከነአባቴ አደረግሁ። ወንበሬን ወደ በሩ አዙሬ ተቀመጥኩ።

እስካሁን አልመጡም። ቢመጡ ግን ቦርሳዬ ውስጥ ያልተቆረጠ፣ ሙሉ የልብስ ሳሙና አለ።